የአባታችንን ዘጠኝ አሮጌ መኪኖች በጨረታ ልንሸጥ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ቸርችል_ዳገት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው።

አባታችን መካኒክ ነበሩ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቸርችል በሚያወጣው በኩል ያለው ግቢያችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን «ይቺን እንኳ አነሳታለሁ» እያሉ የሰበሰቧቸው ዘጠኝ መኪኖች አሉ። ሦስት ቮልስ፣ አንዲት ሴይቼንቶ (ፊያት 600)፣ ሁለት ፊያት 124፣ አንድ ላዳ፣ አንድ ፔጆ 404 እና አጭሩ ላንድሮቨር። አንዳቸውም አልተነሱም። ቀን የሰው መኪና ሲሠሩ ይውላሉ፤ የራሳቸው ተራ የሚደርሰው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት የለም። አምና አረፉ።

ገሚሶቹ ጎማ የላቸውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ያፈሳል። የፔጆው የኋላ ወንበር የዶሮ ቤት ሆኗል። ዶሮዋ የጎረቤት ናት፤ እንቁላሉ የማን እንደሆነ እስካሁን እንከራከራለን። ምን እንደሆነ የማላውቀው ዕቃ የታጨቀባቸው ሳጥኖችም አሉ።

ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሊነሳ ስለሆነ ከክረምት በፊት ግቢው ባዶ መሆን አለበት። ታላቅ ወንድሜ ሁሉንም በጅምላ ከሚወስድ ደላላ ጋር ተነጋግሮ መጥቷል። ታናሼ አንዷን ቮልስ ካልወሰድኩ ይላል። እናቴ «አባታችሁ የደከመበት ሜዳ ላይ አይጣል» ትላለች። እኔ በጨረታ ይሸጥ ባይ ነኝ። ይቻላል?

ቆራሌው_መጣ፦
ነፍሳቸውን ይማር እህቴ። ሳልሸነግል ልንገርሽ፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና መኪና አይደለም፣ ብረት ነው። ከምናለሽ ተራ ሰው ጥሪ፣ በኪሎ አስመዝኚ፣ ተካፈሉና በሰላም ተለያዩ። ትዝታ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ቮልስ_በልቤ፦
የምን ኪሎ ነው የምታወራው አንተ ሰውዬ!

እህት፣ ሌላውን ሁሉ ተይና የሦስቱን ቮልስ የኋላ መስታወት ዞረሽ እዪ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ። መስታወቱ መሀል ለመሀል በብረት ለሁለት ከተከፈለ ከ1953 መጀመሪያ በፊት የተሠራች ናት። አንድ ወጥና ሞላላ ከሆነ ከ1953 እስከ 1957። ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ ወዲህ። ይሄን የምልሽ፣ ቮልስ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ሜክሲኮ እስከ 2003 ድረስ ስትሠራ ነበር። ስለዚህ «አሮጌ ቮልስ» ስላልሽ ብቻ ማንም ኪሱን አይፈታም። የየትኛው ዓመት እንደሆነችና ምን ያህል ዕቃዋ እንዳልተቀየረ ነው ዋጋ የሚያመጣው።

ሻንሲ ቁጥሩን የኋላ ወንበሩን ስታነሺ መሀል ወለሉ ላይ ባለው ጉብታ ታገኚዋለሽ። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ብሎኩ ላይ ነው። እዚያው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል የባትሪው ቦታ አለ፤ ባትሪው የፈሰሰበት ወለል ብዙ ጊዜ ይበሳል። በር ሥር ያለውንም ላሜራ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊ፤ የቮልስ ዝገት ከእነዚህ ነው የሚጀምረው። የተበሳውን ፎቶ አንሺ፤ አትደብቂ።

ነገረ_ፈጅ፦
መስታወቱ የትም አይሄድም፤ ወረቀቱ ይቅደም።

መኪኖቹ የሟች ናቸው፤ የመሸጥ ሥልጣን ገና የላችሁም። ታላቅ ወንድምሽ ብቻውን ከደላላ ጋር የተነጋገረው እናንተን አያስርም። መጀመሪያ ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፤ መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 ነው። በጋብቻ ውስጥ ከተፈራው ንብረት ግማሹ በቅድሚያ የእናትሽ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ቀሪው ግማሽ ነው ለልጆች እኩል የሚከፈለው። ይሄን ለታላቅሽ አንብቢለት፤ «በጅምላ እንሽጥ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ድርሻ የእናቱ መሆኑን ረስቶት ነው።

ቀጥሎ ሊብሬ። በማን ስም ነው? ድሮ መካኒክ መኪና ይገዛና ስም ሳያዛውር ዓመታት ያስቀምጥ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነ የድሮው ባለቤት ወይም ወራሾቹ መፈለግ አለባቸው። የሽያጭ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ነው የሚፈረመው፤ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑንም ይጠይቋችኋል። ፋይሉ ካለበት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ አስከፍቱ።

ታናሽሽም መጫረት ይችላል። ካሸነፈ ዋጋው ከድርሻው እንዲታሰብለት ሁላችሁም ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ተፈራረሙ። በኋላ እንነጋገራለን ካላችሁ የምትነጋገሩት እኔን በመሰለ ሰው በኩል ነው።

ወሬኛው_ካዛንቺስ፦
ከሦስቱ ጃንሆይን የወሰደችው የትኛዋ ናት? 😄

ሾፌር_በጡረታ፦
መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ መወሰዳቸው እውነት ነው። ያቺ ቮልስ እኔ ጋ ናት የሚል ሻጭ ግን በየሰፈሩ አለ፤ ቀለሟንም እንደ ገዢው ይለውጣል። ልጄ፣ ማስታወቂያሽ ላይ በወረቀት የማታስረጂውን ታሪክ እንዳትጽፊ። አንድ ውሸት ከተገኘ የስምንቱ መኪና እውነትም አብሮ ይወድቃል።

ቸርችል_ዳገት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም። ከታናሼ ጋር ግቢውን አገላበጥነው።

አንደኛዋ ቮልስ መስታወቷ ሞላላ ነው! ሁለቱ አራት ማዕዘን ናቸው። ሊብሬዎቹን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘናቸው። ስድስቱ አሉ፤ ሁሉም በአባታችን ስም ነው። የላንድሮቨሩ፣ የላዳውና የአንደኛው 124 የለም። ችግሩ የሞላላዋ ቮልስ ሻንሲ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፤ የሞተር ቁጥሯ ግን ሌላ ነው።

ቆራሌው_መጣ፦
ይኸው! ቁጥሩ የማይገጥም መኪና ማን ይገዛሻል? ኪሎ ብያለሁ።

ሾፌር_በጡረታ፦
ልጄ፣ አትደንግጪ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ጠዋት አውርደን ከሰዓት በኋላ የሌላዋን ገጥመን እንነዳ ነበር። አባትሽም ያንኑ አድርገው ይሆናል። ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊና ሌሎቹ ሁለት ቮልሶች ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ሳጥን ኋላ ፈልጊ። መካኒክ የራሱን ሞተር አይጥልም።

ስለ ሌሎቹ ልንገርሽ። ሁለቱን 124 እና ላዳውን እንደ ወንድማማች አትቁጠሪያቸው። ላዳ ከፊያት 124 ነው የተወለደው፤ ፊያቱ በፈረንጅ 1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ነበር፣ ሩሲያ በ1970 ቶሊያቲ ላይ የራሷን ጀመረች። መልካቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ይለያያል። የፊያቱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ ነው፣ የላዳው ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ። ፊያቱ አራቱም እግሩ ዲስክ ፍሬን ነው፤ ላዳው ከኋላ ታምቡሮ (የከበሮ ፍሬን) ነው። ብዙ ሰው 124ን በላዳ ዕቃ እየጠጋገነ አበላሽቶታል። የአባትሽ 124ዎች ኋላቸው ዲስክ ከሆነ በእጅ አልተነካኩም ማለት ነውና ጻፊው።

ላንድሮቨሩ ቦዲው አሉሚኒየም ነው፤ ቀለሙ ቢላጥም አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ከኋላ በኩል በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ከደነዘዘ በልቶታል። ለአሉሚኒየሙ ብቻ ብለው የሚመጡ ስላሉ ሌሊት በሩን ቆልፉ።

404ቱ የኔ ዘመን መኪና ነው። ማርሹ መሪው ላይ፣ ንድፉ የፒኒንፋሪና፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በፈረንጅ 1963፣ 66፣ 67 እና 68 ያሸነፈ። ዶሮዋን አውጡልኝ።

አንድ ነገር አደራ፦ ገዢ ሲመጣ «እስቲ አስነሱት» ቢል ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) እንዳታስነኩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር በደረቁ ከተጎተተ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ካንዴላውን አውጡ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉና እንዲያድር ተዉት። ከዚያ በእጅ ይዞር። ቮልስ ከሆነ ቺንጋው (ቀበቶው) ጠበቅ ካለ የዲናሞውን ፑሌጃ በ21 ቁልፍ ማዞር ይበቃል። የሚዞረውን «ይዞራል»፣ የተጣበቀውን «ተጣብቋል» ብለሽ ጻፊ፤ ለገዢ ይኸ ከቀለም ይበልጣል። ደግሞ ቮልስ እስከ ፈረንጅ 1966 ሞዴል 6 ቮልት ነው። ታናሽሽ የዛሬ ባትሪ አስሮ መብራቱን እሞክራለሁ ቢል እጁን ያዢው።

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሳጥኖቹ ልናገር። እነሱን ከመኪኖቹ ጋር እንዳትመርቂ። የድሮ ካርቡራቶር፣ ስፒንትሮጂኖ (ለካንዴላ እሳት የሚያከፋፍለው)፣ ያልተሰበረ የፍሬቻ መስታወት፣ የመጀመሪያው ቸርኬ... ብቻቸውን ገዢ አላቸው። ደላላው ለዘጠኙ ዋጋ ሲጠራ ዓይኑ ሳጥኖቹ ላይ እንደነበር አልጠራጠርም።

የአሮጌ መኪና ገበያም ድሮ እንደምታውቁት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ከዚህ የተነሳ ሊብሬ ብቻ የሚገዙ መጥተዋል። «ብረቱን ለናንተ፣ ወረቀቱን ለኔ» ይላሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን ሌላ መኪና ላይ ያስቀርጻሉ። ነገ ያ መኪና ሰው ቢገጭ ፖሊስ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው። ሊብሬ ያለ መኪናው፣ ለማንም፣ በምንም ዋጋ እንዳትሰጡ።

ከሜሪላንድ፦
እኔ እዚህ የመኪና ጨረታ መከታተል ሱሴ ነው። በፈረንጅ 2014 ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ሮዤ ባዮን የሚባል የትራንስፖርት ነጋዴ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰብስቦ መጠለያ ሥር ትቷቸው የሞተ ወደ 60 መኪኖች ተገኙ። ወራሾቹ ሸጧቸው። አጫራቹ ድርጅት አላጠባቸውም፣ ቀለም አልቀባቸውም፤ ከነአቧራቸውና ከነዝገታቸው በ2015 ፓሪስ ላይ አቀረባቸው። ጠቅላላው ከ25 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሸጠ። (ከዚያ ውስጥ 16ቱ ሚሊዮን የአንዲት ፌራሪ ነው። ታላቅ ወንድምሽ ይህን አንብቦ እንዳይሰክር፤ እናንተ ጋ ፌራሪ የለም።)

ነጥቤ፦ አታጥቧቸው፣ ስቱኮ አትለጥፉ። ገዢ የሚፈራው የተደበቀውን ነው። አቧራ ያለበት ላሜራ ላይ ማንም እንዳልነካው ያያል። ደግሞም ሁሉን በአንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ግን አንድ በአንድ ሽጡ። በፈረንጅ 2013 እዚህ አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ፒርስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የቀድሞ የሸቭሮሌ ሻጭ ያስቀመጣቸው ወደ 500 መኪኖች ሜዳ ላይ ሲሸጡ ያን ያህል ሕዝብ የመጣው ሁሉም እዚያው ስለነበሩ ነው። አንዱን የተሸነፈ ሰው ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ቸርችል_ዳገት፦
በታሸገ ፖስታ ይሁን ወይስ በግልጽ? ታላቅ ወንድሜ አሁን ጨረታውን ተቀብሏል፤ ግን «በፖስታ ካልሆነ ግርግር ነው» ይላል።

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ፦
ወንድምሽ የመሥሪያ ቤት ጨረታ የለመደ ሰው ይመስለኛል። ፖስታ ለማቀዝቀዣ፣ ለጠረጴዛና ለአይሱዙ ይሆናል፤ ዋጋው የታወቀ ነገር ነው። ለሞላላ ቮልስ አይሆንም። እኛ ነጋዴዎች፣ ልናገረው እንጂ፣ ዋዜማው ላይ ቡና ጠጥተን «አንተ ይሄን፣ እኔ ያንን» ተባብለን ነው ፖስታ የምናስገባው። በግልጽ ሲሆን ግን የመኪና ፍቅር ያለበት አንድ ወጣት ከኋላ እጁን ያነሳና ስምምነታችን ይፈርሳል።

ነገረ_ፈጅ፦
በግልጽ ይሁን፤ ግን የመነሻ ዋጋውን 10 በመቶ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ያላስያዘ አይጫረት። እሑድ የምታደርጉት ከሆነ ባንክ ዝግ ነውና ሲፒኦው እስከ ቅዳሜ እንዲሠራ ማስታወቂያው ላይ ይገለጽ። ለመጎብኛ ሁለት ሦስት ቀን ስጡ። የስም ማዛወሪያ ወጪ የማን እንደሆነ፣ አሸናፊው በስንት ቀን ከፍሎ መኪናውን እንደሚያነሳ ጻፉ። ሊብሬ የሌላቸውን ሦስቱን ፋይላቸው ሳይገኝ እንዳታቀርቡ።

ከሜሪላንድ፦
ከመነሻ ዋጋ ሌላ ለተጫራች የማይነገር የወለል ዋጋ ያዙ፤ ዘጋችሁ አንድ ፖስታ ውስጥ ለሽማግሌ ስጡ። መነሻው ዝቅ ይበል፣ ሰው እንዲጠጋ። ከወለሉ በታች ከቆመ አትሸጡም። በጣም የሚፈለገውን መጀመሪያ አታውጡት፤ መጨረሻም አታድርጉት፣ ሰው ይደክመዋል።

ቆራሌው_መጣ፦
«ሻጭ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋን እንዳትረሺ። እሷ ከሌለች ጨረታ አይመስልም።

ወሬኛው_ካዛንቺስ፦
ቆራሌው ዞረ! 😂

አወያይ፦
እባካችሁ ስልክ ቁጥርና የገንዘብ መጠን እዚህ አትጻፉ። ያያችሁትን አጥፍቻለሁ። ደላሎችም እንደኛ ያነባሉ።

ቸርችል_ዳገት፦
ሞተሩ ተገኘ!! ጋሼ እንዳሉት ከመፍቻ ጠረጴዛው ሥር፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ቅባት ተቀብቶ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። አባታችን በእጃቸው «የራሷ» ብለው ጆንያው ላይ ጽፈውበታል። እናቴ ጆንያውን ወስዳ አስቀምጣዋለች፤ አይሸጥም ብላለች።

የማስታወቂያው ረቂቅ ይኸው፦ «በወራሾች ስምምነት፣ ባሉበት ሁኔታ፣ ሊብሬ ያላቸው ስድስት አሮጌ ተሽከርካሪዎችና ልዩ ልዩ መለዋወጫ በግልጽ ጨረታ ይሸጣሉ። የየአንዳንዳቸው የሻንሲና የሞተር ሁኔታ ዝርዝር በግቢው በር ላይ ተለጥፏል። ተጫራቾች መኪኖቹን ሳይነቅሉና ሳያስነሱ መመልከት ይችላሉ።» ምን ይጎድለዋል?

ቮልስ_በልቤ፦
የሞላላዋ ሞተር ለብቻው መቀመጡን፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ እንደሚሸጥ ጻፊ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ገንዘብ ናት። «አሮጌ» የሚለውን አውጪው፤ ዓመተ ምሕረታቸውን ጻፊበት።

ሾፌር_በጡረታ፦
ዶሮዋስ?

ቸርችል_ዳገት፦
ወጥታለች ጋሼ። ጎረቤት ተቀይማናለች።

ቸርችል_ዳገት፦
ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ውጤቱን ልጻፍ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደረግነው። ሰው ከጠበቅነው በላይ መጣ፤ ግማሹ ለማየት ብቻ ነው፤ ቡና አፍልተን አስተናገድን። ያጫረተን የሰፈር ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ እስከ ቸርችል ይሰማል።

መጀመሪያ አንዷን አራት ማዕዘን ቮልስ አወጣን፣ ተሸጠች። ሞላላዋ ሦስተኛ ላይ ወጣች። ታናሼ እጁን ሲያነሳ ሲያነሳ ቆየና ሁለት ሰዎች ተያይዘው ዋጋውን ሲያስወጡት እጁን አወረደ። እኔ አላየሁትም፤ እናቴ ናት ያየችው፣ ትከሻውን ያዘችው። ከወለሉ ዋጋ በጣም ርቃ ነው የተሸጠችው። ታላቅ ወንድሜ ደላላው ለዘጠኙ ጠርቶት ከነበረው ጋር ሲያወዳድር ዝም ነው ያለው። ታናሼ በመጨረሻ ሴይቼንቶዋን በድርሻው ወሰዳት፤ ማንም አልተፎካከረውም፤ ሆን ብለው የተዉለት ይመስለኛል። ሁለተኛዋ ቮልስ ወለሉ ላይ ስላልደረሰች ተመልሳለች፤ አክስቴ ግቢ እናስጠጋታለን። 124ቱ አንድ መምህር ወሰደው፤ የኋላ ፍሬኑ ዲስክ መሆኑን ተንበርክኮ ካየ በኋላ ነው እጁን ያነሳው። ፔጆው ተሸጠ። ሳጥኖቹ ደግሞ... ማን እንደገዛቸው እዚህ ያለ ሰው ያውቃል።

ሊብሬ የሌላቸው ሦስቱን ወደ አክስቴ ግቢ በተጎታች አሻግረናል። የላንድሮቨሩ ፋይል ተገኝቷል፤ በቀድሞ ባለቤት ስም ነው። ቤተሰቡን እያፈላለግን ነው።

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ፦
እኔ ነኝ የገዛኋቸው፤ በግልጽ፣ እጄን አንስቼ። ቡና ጠጥቼም ነበር፣ ግን የናንተን።

አዲስ_አባል_404፦
ሰላም፣ ይህን ክር ዛሬ ነው ያገኘሁት። ፔጆውን የገዛሁት እኔ ነኝ። የግራ የኋላ ስፖርቴሎ (በር) እጀታ የለውም፤ ሻጮቹ «ሳጥን ውስጥ ይሆናል» አሉኝ። ሳጥኖቹን የገዛኸው ወንድም፣ አይተኸዋል?

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ፦
አለ። ኦርጅናል ነው፣ ኒኬሉ አልተላጠም። ሱቅ ና፣ በዋጋው እንነጋገራለን።

ሾፌር_በጡረታ፦
ሲሄድ እኔም አብሬው እመጣለሁ። ዋጋውን ከኔ ጋር ትነጋገራለህ።